የሸረሪት ደቀ መዝሙር በኬላ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ የሚተርት ሕዝብ፣ ቤቱ ውስጥ ድር ሲያይ ግን መጥረጊያ ያነሣል። እኔንም የጠረገኝ ይኸው መጥረጊያ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራዬ እንደ ሸረሪት ድር የሚለጠጥ፣ የማይበጠስና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ነበር። መምህሬ ርእሱን አንብቦ ሳቀና «እንዲህ ያለው ከውጭ ይመጣል እንጂ በሀበሻ እጅ አይሠራም» ብሎ ጣለኝ። ክሩን ሊያየው እንኳ አልፈለገም። «ሸረሪትስ ድሯን ከየት አገር ነው የምታስመጣው?» ብዬ ብጠይቅ ባለጌ ተባልሁ። ይኸው ዓመታት አልፈው በመተማ ቆላ፣ ሽንፋ ላይ ትራክተር እጠግናለሁ፤ ቂሜን ግን አንድ ቀን ያለ ቅባት አላሳደርሁትም።

አሠሪዬ ጋሽ መኳንንት ከጎንደር የወረዱ የሰሊጥ ባለሀብት ናቸው። የተሳቢያቸው የኋላ መብራት መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ሽቦው እየተበጠሰ ይጠፋል። አንድ ጠዋት «አንተ የተማርኸው፣ መላ አምጣ! ዛሬ መብራቱ ከጠፋ መተማ ላይ ወርደህ ትቀራለህ» አሉኝ። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቀጭን ላስቲክ ቆርጬ፣ ወጥሬ፣ ስስ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምሁበትና በተበጠሰው ሽቦ ቦታ ገጠምሁት። ሸረሪትስ ምን ታደርጋለች? ትርፉን ክር ጠቅልላ ትይዝና ነፋስ ሲገፋት ትለቃለች። ሰሊጡን ጭነን ወደ መተማ ተነሣን። ተሳቢው ዘለለ፤ ክሬ ተለጠጠ፣ ተሰበሰበ፤ መብራቱ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ኬላው ላይ ፈታሹ ክሩን እየጎተተ ከየት እንደ መጣ ጠየቀ። ጋሽ መኳንንት ደረታቸውን ነፍተው «የሱዳን ነው! የገላባት ምርጥ ዕቃ!» አይሉ መሰላችሁ? እኔ አጠገባቸው ቆሜ! በእኛ ቆላ ዕቃ የሚከብረው ድንበር ሲሻገር ነዋ። ፈታሹም «ቀረጡስ? ኮንትሮባንድ ነው፤ ተሳቢው ከነሰሊጡ ይቆማል» አለ።

ጋሽ መኳንንት ወዲያው አገራቸው ትዝ አላቸው። «ኧረ ይኸ ልጅ ነው የሠራው! ተናገር እንጂ አንተ!» ጮክ ብለው እንዲደግሙት ጠየቅኋቸው። ደገሙት። ያችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያት!

ፈታሹ ግን አላመነም፤ ክሩን ነቅሎ ያዘና «እስኪ እዚሁ ሥራው» አለኝ። መምህሬ የነፈገኝን ፈተና ኬላ ላይ ተፈተንሁ። ትርፉን ላስቲክና ሽቦ ከኪሴ አውጥቼ መንገድ ዳር ቁጭ አልሁ፤ ወጠርሁ፣ ጠመጠምሁ፣ ገጠምሁ። መብራቱ ቦግ አለ። ፈታሹ ራሱ እየጎተተ ሞከረው። አልጠፋም። አለፍሁ!

ፈታሹም የነቀለውን ክር ከእጁ ወርወር አድርጎ፣ «ኤጭ! የአገር ውስጥ ከሆነማ ምን ዋጋ አለው፤ ውሰዱት!» ብሎ የኬላውን ገመድ ዝቅ አደረገ።

ወሰድሁት። ያን መብራት ግን በጠራራ ፀሐይ እስከ መተማ ዮሐንስ አላጠፋሁትም።