የአንገቱ ላባ ብቻ

ጡረታ የወጣ ሰው አደገኛ ነው። ይህን የምለው ስለ ሌላ ሰው መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ስለ ራሴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ፋይል ሳነሳና ስጥል ኖሬ፣ አንድ ቀን ኬክ ቆረሱልኝና የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። ከእንግዲህ ሰዓት ለማያስፈልገው ሰው ሰዓት መሸለም የመሥሪያ ቤት ቀልድ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ያሉት አባቶች ስልክ ያለው መነኩሴ አልገጠማቸውም።

እኔ ቆቤን የቀደድኩት በስልኬ ላይ ነው። አንድ አፍንጫቸው የቀላ ፈረንጅ ሽማግሌ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጸጉርና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ የሚመስል ነገር ሲሠሩ አየሁ። ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል፤ በዚያው አለቀለት። ዓሦቹም ተራ ዓሦች አይደሉም። አንዱ ፓይክ የሚባል፣ ጥርሱ የአዞ የሚመስል የሐይቅ ወንበዴ ነው፤ ሌላው ሲ ባስ የሚባል የባሕር ጌታ። ሁለቱም በአገራችን የሉም። ባሕሩ ራሱ የለንም፤ እሱን ለፖለቲከኞች እንተወው። ከየካ ቤቴ የሚቀርበኝ ውሃ ቀበና ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከፌስታልና ከአሮጌ ጫማ ሌላ የሚዋኝ አይቼ አላውቅም። ፈረንጁ ግን «ይህ ሥራ ትዕግሥት ያስተምራል» ስላሉ፣ ትዕግሥት ልማር ተነሳሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ክፍል ምን ሲያስተምረኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

መንጠቆውን ከመርካቶ ገዛሁ። መንጠቆ ጨብጦ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ጋራዥ ካለው የአክስቴ ልጅ ተዋስኩ። የዝንቡን ሆድ ከባለቤቴ ከብርቄ አሮጌ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ ቆረጥኩ፤ ስፖንጅ ይንሳፈፋላ። ክሩ እንዳይፈታ የሷኑ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት። ለጅራቱ ከአባቴ የወረስኩትን ጭራ በመቀስ ሸለትኩ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ዝንብ ባባረረበት ጭራ ልጁ ዝንብ ሠራበት። የቀረኝ ላባ ነበር።

ፈረንጁ ስለ ላባ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ይላሉ፣ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ይህ እንግዲህ በኛ ቋንቋ ገብስማ ነው። እናንተ አሁኑኑ የገባችሁ ነገር ለኔ በጊዜው አልገባኝም። በዚህ አገር «ገብስማ ዶሮ አምጡ» የሚለው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን በፋሲካ ማግስት ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ዳገቱን ከበር በር እየዞርኩ፣ «ዶሯችሁ ገብስማ ነበር? ሥጋውን አልፈልግም፤ የአንገቱ ላባ ብቻ» እያልኩ ለመንኩ። ሁሉም ሰጡኝ። የሰፈሬ ሰው ደግነት አስደንቆኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው የሰጡኝ ፈርተው ነው።

እትዬ ዘነበች ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል። ብርቄ የታመመች ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥሚት ያመላለሱልን እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ «ታደሰ፣ ደኅና አደርክ?» ካላሉኝ ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ የጥፍር ቀለሙ እንዲደርቅልኝ ስድስት ዝንቦች የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሰቀልኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ መጣና አንዱን ገንጥሎ ከአጥር ወዲያ ያሰጡት ነጠላቸው ላይ ሰካው።

እሁድ ጠዋት ለቅዳሴ ሊወጡ ሲሉ ልጃቸው ማህሌት ትከሻቸው ላይ አየችው። ገብስማ ላባ፣ ቀይና ጥቁር ክር፣ የተቀቡ ሁለት ዓይኖች። መንጠቆ ደግሞ ተፈጥሮው ነው፤ ሲስቡት ይብስበታል። ይህም ማስረጃ ሆነበት። ሰፈሩ በግቢያቸው ተሰበሰበ፤ ነጠላው በመቀስ ተቆረጠ፤ ዝንቤ ሳፋ ውስጥ ተጣለና ከእንጦጦ በጀሪካን የመጣ ጸበል ተደፋበት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነው። ዝንቤ ለአፍታ ሰጠመ፤ ከዚያ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ። በጭልፋ ደፈቁት። እንደገና ብቅ አለ፣ ላባው እንኳ አልተበላሸም። ሴቶቹ «በስመ አብ» አሉ። እኔ ግን፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። የእጄ ሥራ በውሃ ሲፈተን የመጀመሪያው ነበር። በደስታዬ ብዛት ከአጥር ወዲህ ሆኜ፣ «እሱ እኮ የኔ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ዓሣውን ገና ሳልጎረጉር ነው ያወጣሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ራቀኝ። በወዲያኛው አጥር በኩል ያሉት ጴንጤ ጎረቤቶቻችን ስሜን ሳይጠሩ፣ እጃቸውን ወደ ቤቴ ዘርግተው መጸለይ ጀመሩ። የሰፈራችን ኦርቶዶክስና ጴንጤ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው፤ ይህ አስተዋጽኦዬ ይመዝገብልኝ። ለዕድሩ ጸሐፊ ቪዲዮውን ከፍቼ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየና፣ «ፈረንጆቹም እዚህ ውስጥ ገቡበት?» አለኝ በሐዘን፤ ወንበሩንም ከአጠገቤ አራቀ። ይህን ሁሉ እየቀለድኩ የማወራችሁ ዛሬ ነው፤ ያን ሰሞን አንጀቴ አርሮ ነበር። እትዬ ዘነበች የአጥሩን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ነገ ብሞት ሬሳዬን ማን ያነሳል? ያን ጨርቅ ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው። ብርቄ የለችም። ገብተው ተቀመጡና ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት።

«አቶ ታደሰ፣ እንደምን ከረሙ?»

ሠላሳ ዓመት አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሴት ናቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ምነው እንዲህ አራቁኝ? አንተ ይበሉኝ እንጂ» አልኩ።

«አይሆንም። ለባለሙያ ክብር ይገባዋል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የማህሌትን ነገር ያውቃሉ። ያ ልጅ ሽማግሌ እልካለሁ እያለ ሁለት ዓመቱ። ክፉ አይደለም፤ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይጠጋም። ያ የሠሩት ነገር ደግሞ ይስባል አሉ።»

«ዓሣ ነው የሚስበው፤ ያውም እዚህ የሌለ ዓሣ።»

«እሱም እኮ እዚህ የለም። ድሬዳዋ ነው።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ከሞርሳው ላይ አንዱን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው ይዩት። ይህ የብርቄ ነጠላ ጫማ ነው። ይህ የጥፍሯ ቀለም ነው። ይህ ከአባቴ ጭራ የተሸለተ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»

«የሚስት ጫማ፣ የሚስት ጥፍር፣ የሙት ጭራ» ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ራሳቸውን በአክብሮት ነቅንቀው ዝንቡን በመሐረብ ጠቀለሉና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ላስቆማቸው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ። ያን ፈገግታ ሁለት ወር ሙሉ አላየሁትም ነበር፤ በሩን ከፈትኩላቸው።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ሳምንት መጡ። ልጁ ለካ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር እየጠበቀ ኖሯል፤ ያን ሰሞን ተሳካለት። ይህን ራሱ በአንደበቱ ለሁሉም አስረዳ። ማንም አልሰማውም።

ጨርቁ ከአጥሩ ቀዳዳ ወጣ። በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ሳልለምን፣ በሬ ላይ አምስት ፌስታል ገብስማ ላባ ተደርድሮ አገኘሁ፤ አንዱ ውስጥ ጀርባው ላይ «ፈተና እንዲያልፍ» ተብሎ የተጻፈበት የተማሪ ፎቶግራፍ ነበረበት። ብርቄ «አሁንስ እውነቱን ንገራቸው» ብላ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ልናገር ብድግ አልኩ። ያ አጠገቤ መቀመጥ የፈራ ጸሐፊ የራሱን ባለመደገፊያ ወንበር አቀረበልኝ፤ እትዬ ዘነበችም «ይቀመጡ፣ ቆመው እንዳይደክሙብን» አሉ። ወንበሩ ይመቻል። ተቀመጥኩ።

ንጹሕ ሆኜ ያጣሁትን ሰላምታ ጠንቋይ ሆኜ አገኘሁት። ዓሣ ግን እስከ ዛሬ አንድም አልያዝኩም። ጠዋት ጠዋት እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው፣ «አቶ ታደሰ፣ እንደምን አደሩ?» ይሉኛል። እኔም እግዜር ይመስገን እላለሁ። «ታደሰ፣ ደኅና አደርክ?» የሚሉኝን እትዬ ዘነበችን ግን እየጠበቅኩ ነው።