ፈጣሪዎቹ ስንት ናቸው?

በዚህ አገር እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ዕድር፣ አንድ ወፍጮ ቤትና አንድ ፈሪ አለው። ዕድሩ ይፈርሳል፣ ወፍጮውም ይበላሻል፤ ፈሪው ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። የእኛ ሰፈር ፈሪ፣ የአርብ ገበያው መልአከ ስጋት፣ አያ ይሁኔ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ቤተ ክህነት አታውቀውም።

አያ ይሁኔ የማይፈሩት ነገር እስካሁን አልተገኘም። የመጀመሪያው ባጃጅ ከተማችን ሲገባ "በሦስት እግሩ የቆመ ነገር መገልበጡ አይቀርም" ብለው ወር ሙሉ አጥር ለአጥር ሄዱ። የስልክ ማማ ሲተከል መብረቅ ሊጠራብን ነው አሉ። የእኔና የስንዱ ሠርግ ዕለት ደግሞ ዳሱ ውስጥ ገብተው፣ ምሰሶውን ነቅነቅ አድርገው፣ ሙሽሮቹ ፊት "ይቺ ነገር አላማረችኝም" አሉ። ስለ ዳሱ ይሁን ስለ ትዳሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስንዱ ስለ ትዳሩ ነው ትላለች።

ደመና ሲጠቁር "ይቺ ነገር አላማረችኝም" ይላሉ። ሰማዩ ጥርት ሲልም ይላሉ፤ ያኔ እንዲያውም ድምፃቸው ይብሳል።

በአንድ ነገር ግን አልስቅባቸውም ነበር። ከገበያው ጀርባ ያለው ቦረቦር የምር ያስፈራል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየናደ ወደ ቤታችን ይጠጋል። አምና የጎረቤታችንን የጎመን መደብ ከነጎመኑ ወሰደው፤ ዘንድሮ የእኔ ጓሮ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቤቴ ሁለት ክፍል ናት፤ በጓሮ በኩል ባለችው ልጄ ልደት ትተኛለች። የመምህር ደመወዝ ሌላ ቤት አይሠራም። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ቀልዴ ሁሉ ይጠፋና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። እፈራለሁ፤ ምን አሳፈረኝ!

ወረዳው ድንጋይ አስካበ፣ ሣር አስተከለ፤ ቦረቦሩ ሁሉንም በላው። መላ ሲጠፋ ከውጭ አዲስ ነገር የሚፈጥሩ ወጣቶችን ለመጋበዝ ተወሰነ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ፣ ዜናውን ለሕዝብ እንዲያሰማ የተላከው የወረዳው ሠራተኛ አቶ ሥዩም መሆኑ ነው። አርብ ዕለት ገበያው መሐል ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወጣና፣ "የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች! ችግራችንን የሚፈቱልን ፈጣሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ!" ብሎ ጮኸ።

ገብስ ሲሸጡ የነበሩት አያ ይሁኔ ቁናውን አስቀመጡ።

"ምን ይመጣሉ አልክ?"

"ፈጣሪዎች፣ አያ ይሁኔ!"

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት ናቸው።"

አያ ይሁኔ ሦስት ጊዜ አማተቡ። "አንድም ሦስትም መሆኑንማ ተምረናል። በሚኒባስ ይመጣል ያለን ግን የለም!"

አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፉ። አንዷ ሱባኤ እንግባ ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ሥዩም ላብ አጠመቀው። "የፈጠራ ሰዎች ማለቴ ነው! የፈጠራ!" አለ ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ሳያነሳ።

"እህ!" አሉ አያ ይሁኔ፤ "የፈጠራ ከሆኑማ፣ እውነተኞቹ መቼ ይመጣሉ?"

ሦስቱ ወጣቶች በተባለው ሳምንት መጡ። መሪያቸው ዮርዳኖስ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሰው አክባሪ። መጀመሪያ ቦረቦሩን ከላይ ፎቶ ለማንሳት አሰቡና ከሣጥን ውስጥ ካሜራ ያላት ትንሽ በራሪ ነገር አወጡ። አያ ይሁኔ ሲያዩዋት ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ልጄ፣" አሉ በቀስታ፣ "ዛሬ ገበያ ነው። ይቺ ነገር ሰማይ ላይ ከጮኸች ሰው ተረጋግጦ ያልቃል። መልሻት።"

በዚህ የሳቀ ሰው አልነበረም። በእነዚህ ዓመታት ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ስንሰማ ምን እንደምንሆን እኛ እናውቃለን። ዮርዳኖስም የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየች፣ ሣጥኑን ዘጋች፤ ቦረቦሩን በእግሯ ዞራ ለካችው።

ቦረቦሩን ማቆም ገና ጊዜ ይፈልጋል አለችን። እስከዚያ ግን ሰው እንዳያልቅ ብለው በጓሯችን ጫፍ ላይ ችካሎች ተከሉ፤ በችካሎቹ መካከል ሽቦ ወጠሩ። መሬቱ ሲከፈት ሽቦው ይሳባል፤ ሽቦው ሲሳብ አንዲት ቀይ ሣጥን ኡኡ ትላለች። ኡኡ ስትል ሁሉ ሰው ከቤቱ ይውጣ፤ ትእዛዙ ይኸው ነው። ሰፈሩ ለሣጥኗ ወዲያው ስም አወጣላት፦ ትንሿ ይሁኔ።

ስሟን አላሳፈረችም። ፍየል ሲታከካት ኡኡ፣ የጎረቤታችን የማንአለሽ ልጆች ሽቦው ላይ ልብስ ሲያሰጡ ኡኡ። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ሕፃን አንጠልጥለን እየሮጥን ወጣን። ቆይተን እየተራመድን ወጣን። ኋላማ በመስኮት አንገት ማውጣትም ተውን። ሰው መፍራትም ይሰለቸዋል። ያልሰለቻቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ትንሿ ይሁኔ በጮኸች ቁጥር ትልቁ ይሁኔ ከላይ ሰፈር እየሮጡ ይመጣሉ፣ ፍየሏን ያያሉ፣ "ተመስገን" ብለው ይመለሳሉ። እኛም እንስቃለን።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ። ጠዋት የጀመረው ዝናብ አባርቶ ነበር። ስንዱ ሽሮ ትሠራለች፣ ልደት በጓሮ ክፍል ተኝታለች፣ እኔ ጋደም ብያለሁ። ሣጥኗ ጮኸች።

"ውጣና ያቺን ፍየል አባርልኝ፤ ልጅቷን ልትቀሰቅስብኝ ነው" አለች ስንዱ።

"ተያት፣ ራሷ ትሄዳለች" አልኩ።

በሩ ብርግድ አለ። አያ ይሁኔ ናቸው። ነጠላ የለ፣ ጫማ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ። በአርባ ዓመቴ እሳቸው ሰላምታ ሲዘሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደ ገቡ በቀጥታ ወደ ጓሮ ክፍል አለፉ።

"አያ፣ ምን ነካዎት?" ብዬ ተቆጥቼ ተነሳሁ።

ልጄን ከነብርድ ልብሷ ታቅፈው ወጡ። "ሚስትህን ያዝ!" አሉኝ። ያን ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼው አላውቅም። ያዝኳት፤ ወጣን። ደጁን ተሻግረን ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ከኋላችን አንድ ነገር አቃሰተ፤ ግድግዳው ነው። ዞር ስል የልደት ክፍል የለም። አልጋዋ የነበረበት ቦታ ሰማይ ይታያል።

 ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስንዱ ልጇን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

"ትንሽ ቆዪ፣" አሉ አያ ይሁኔ፣ "እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ስሰጥሽ እንዳልጥላት።"

እንባዬን ጠርጌ፣ "አያ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ከላይ ዓለቱ ላይ ነው። ቦረቦሩ መቼም አይደርስብዎትም። ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲያስፈራዎት ኖረ?" አልኳቸው።

ጅል እንደሚያዩ አዩኝ። "የእኔ ቤት? ስለ እኔ ቤት መች ፈርቼ አውቃለሁ?"

አሁን የምንኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። እነ ዮርዳኖስ ተመልሰው መጥተው ቦረቦሩን ሊያስሩ ደፋ ቀና ይላሉ፤ ወረዳውም ሌላ ቦታ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። አያ ይሁኔ ጠዋት ጠዋት በራችንን ያንኳኳሉ፤ ልጅቷ ትኩሳት አላት ወይ፣ ጣሪያው አፈሰሰ ወይ፣ ጭሱ መውጫ አለው ወይ። አንዳንዴ ያናድዱኛል፤ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳያንኳኩ ቀሩ። ፀሐይ ወጣ፣ ረፈደ፤ ድምፃቸው የለም። ስንዱ አየችኝ፣ አየኋት። በባዶ እግሬ ግቢውን አቋርጬ በራቸውን ደበደብኩ።

"ማነው?" አሉ በእንቅልፍ ድምፅ።

"እኔ ነኝ፣ አያ። ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። ምን ሆንክ መምህር?"

"ፈርቼ ነው" አልኳቸው።

 ተነስተው በሩን ከፈቱልኝ።