ልጁ ሥራው ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። ልጄን ምን ላስተምረው ይለኛል። መነጽር ስለማደርግ ይመስለኛል እኔን የሚጠይቁት። አንዱ ሾፌርነት ይሻላል ይላል፣ አንዱ የሐኪም ቤት ድሬሰርነት ይላል፣ ሌላው ደግሞ የሚመጣው ዘመን የሒሳብ ሠራተኛ ነው ብሎ ይምላል። የሚመጣውን ዘመን አይቶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አይቼዋለሁ በሚል ድምፅ የሚያወሩ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን ግራዝማች ውቤ። እስቲ የእሳቸውንና የአጎቴን የአንሙትን ነገር ላጫውታችሁ።

አንሙት የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እኛ ቤት መጣ። ግራዝማች ደግሞ ይታይሽ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዘግይታ ትምህርት ቤት የገባች ኮረዳ። ጠዋት ደብተሯን ይዛ በደጃችን ስታልፍ አንሙት አያት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አጥር የሚጠግንልን ሰው አገኘን። ደህናውን አጥር ሳይቀር ጠገነው። እናቴ ነገሩ ገባት፣ ለአባቴ ነገረችው፣ አባቴም ሁለት ሰዎች ጨምሮ ለሽምግልና ሄደ።

መቼም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ግራዝማች አረፍ በሉ እንጂ ይላሉ፣ እነአባቴ መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማልን ይላሉ። ተሰማላቸው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

ቅኔ አዋቂ ነው ተባሉ። ግራዝማች ቅኔ ይወዳሉ። ከልባቸው አዘኑ።

«መልካም ነበር» አሉ። «ግን ዘመኑ የጽሕፈት መኪና ነው። ጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አድምጡ፤ ከዳር እስከ ዳር ቋ ቋ ቋ ነው።»

አንሙት አልተቀየመም። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ፈልጎ አገኘ። ችግሩ መኪናው አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን በከሰል ጣውላ ላይ ጽፎ እቤት ይለማመድ ጀመር። እራት ስንበላ የሞሰቡ ጠርዝ ላይ፣ ቅዳሴ ስንቆም መቋሚያው ላይ ጣቶቹ ይሮጣሉ። እናቴማ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር። በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ቀጠረው፤ እኛም ደስ አለን፤ ሽማግሌም ተላከ።

ምን ያደርጋል፣ ግራዝማች በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ደርሰው ተመልሰዋል። አውቶቡሱ ሉማሜ ለምሳ ሲቆም ግራዝማች ያዘዙት ሽሮ እስኪመጣ ደጅ ደጁን ያያሉ፤ ሾፌሩ ግን ሳያዝ ጥብስ ቀረበለት። ባለቤቲቱ ራሷ እጁን አስታጠበችው። ይህን ያየ ሰው እንዴት ልጁን ለጸሐፊ ይሰጣል?

«ጸሐፊማ ሞልቷል» አሉ። «ዘመኑ የሾፌር ነው።»

አንሙት ከጽሕፈት መኪናው ተነስቶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ያሠለጠነው ሾፌር ለአባቴ ሲነግረው፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን መሪውን ከማዞሩ በፊት ቅኔ እንደሚቆጥር ሰው ይቆዝማል ብሎታል። አባይ በረሃ ደግሞ ለመቆዘም አይመችም። ያም ሆኖ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ መጥቶ እናቴን ሲስማት እሷም ያንን ሽታ ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ።

ግራዝማች በዚህኛው ጊዜ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። ሾፌር በየከተማው ቤት አለው ይባላል አሉ። ልጄን የምሰጠው አንድ ቦታ ለሚያድር ሰው ነው፣ የአሁኑ ዘመን የመንግሥት አስተማሪ ነው፣ ደመወዙ ወር ጠብቆ ይመጣል አሉ። አባቴ ተናዶ ተመለሰ። ቀጥሎ አውሮፕላን አብራሪ ይሉናል አለ።

አንሙት ግን አልሳቀም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና አባቴን፣ «ጋሼ፣ ሰው ስንት ጊዜ ሀ ብሎ ይጀምራል?» አለው። እኔን በጣም አሳዘነኝ። ለነገሩ ሳምንት ሳይሞላው መኪናውን ትቶ የማታ ትምህርት ተመዘገበ። ያን የሚያህል ቅኔ አዋቂ ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ኤቢሲዲ ይል ጀመር።

እስካሁን ይታይሽ ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ የለም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም። ግራዝማች ስለሚመጣው ዘመን ባስረዱ ቁጥር እሷ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና አንዲት ቃል ሳታስቀር ትሰማ ነበር። ሽማግሌ በተመለሰ ቁጥር ግራዝማች፣ በይ ባል እስኪገኝ ቁጭ ከምትዪ ተማሪ ይሏታል። ባል እስኪገኝ እየተባለ ክፍል ጨረሰች። የመምህርነት ሥልጠናውንም ባል እስኪገኝ ወሰደች። ተመረቀችና ቁይ የምትባል ከተማ አስተማሪ ሆና ተመደበች።

ግራዝማች ጨነቃቸው። ያላገባች ልጅ ቁይ ላይ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ልትኖር ነው? እንዳይከለክሏት ደግሞ ደመወዟን ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። ካልሄደች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አንሙትም ጨንቆታል፤ እዚያ ከሄደች አንድ የቁይ ሰው እንደሚቀድመው ታይቶታል። አባቴን የመጨረሻ ብሎ ለመነው።

አባቴ በአራተኛው ጊዜ ጉዳዩ እስኪሰማ አልጠበቀም፤ እንደገባ ተቀመጠ። እግሩን ያመዋል። ግራዝማች ከልማዳቸው የተነሳ፣ ልጁ አሁን ሥራው ምንድን ነው አሉ።

አባቴ ሊዋሽ አስቦ አፈረ። «እውነቱን ልንገርዎ ግራዝማች፣ ማታ ይማራል እንጂ ለጊዜው ሥራ የለውም። ቅኔውን ለጽሕፈቱ፣ ጽሕፈቱን ለመኪናው፣ መኪናውን ለእርስዎ ብሎ ተወ።»

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ሊነሳ ሲል ይታይሽ ከጓዳ ወጣች። ለራሷ ጋብቻ በመጣ ሽማግሌ ፊት ልጅቱ መውጣቷ እንኳን ያኔ ዛሬም ነውር ነው። አንገቷን ደፍታ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አባባ፣ ሥራውንማ እኔ ይዣለሁ። እሱ ባል ይሁን።»

ግራዝማች አባቴን አዩት፣ ልጃቸውን አዩዋት፣ መጋረጃውን አዩት።

«ቁይ መሄድ ይችላል?» አሉ በመጨረሻ።

«የሚያስቀረው ሥራ የለውም» አለ አባቴ።

ይኸው ቁይ ይኖራሉ። አንሙት በገበያ ቀን ለባላገሩ ማመልከቻ በጽሕፈት መኪና ይጽፋል፣ የከተማው ጭነት መኪና ሾፌር ሲታመም መሪ ይይዛል፣ በበዓል ማኅሌት ላይ ይቀኛል። ግራዝማች ይህን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያሉ ይኮራሉ፤ ውሸት አይደለም። እኔም ልጄን ምን ላስተምረው ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። ጥያቄ ግን አለኝ። አንተ ይህን ስታወራ ጓዳ ሆኖ የሚሰማህ ማን ነው?