ትልቁን ብሎክ የመረጠው ባለሙያ

ነገር ሁሉ ትልቅ ካልሆነ የማይወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጡረታ በወጣሁበት መዝገብ ቤት አንድ አለ። የኮምፒዩተር ባለሙያው ለዳታቤዙ ትልቁን ብሎክ መረጠ። ብሎክ ማለት ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው የመረጃ እሽግ ነው። እናም አንድ ስም ለማረም የመቶ ሰው መዝገብ ይሸከማል፤ ባለጉዳዩም ተሰልፎ ይጠብቃል።

«እማማ፣ ትልቅ ይሻላል» ይለኛል።

በአንድ የገበያ ቀን የራሱን ጋብቻ ሊያስመዘግብ ከእጮኛው ጋር መጣና እሱም ተሰለፈ። ቀትር ሆነ።

«የእኛ ስም እስኪገባ ማሽኑ የስንት ሰው መዝገብ ያነሳል?» አለችው።

«መቶ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ከመቶዎቹ አንዷን አግባ!» ብላ ወደ ወግዲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች።

ብሎኩን በሳምንቱ አሳነሰ። ለእርቁ ስንት ሽማግሌ እንደሚልክ ሲጠይቀኝ፣ ሦስት ይበቃሉ አልኩት።

ሃያ ላከ።