ሊቀ መቀስ ፍሬኖል

ዕቃ መጣል የሚወድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም ጋ ይኖራል። ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ቁም ሳጥኑን ያያል፤ "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" ይላል። እናንተ መልሱን ስታስቡ እሱ ዕቃውን በር ላይ አድርሶታል።

የእኛው፣ የሰሜን ሞንትሪያሉ፣ ክቡር ሊቀ መቀስ ፍሬኖል ነው። ሹመቱን የሰጠነው እኛው ነን። እሑድ የዱባ ሾርባ ብላ ብለን ብንጠራው፣ ድስት የሌላቸውን ክዳኖቻችንን ሰብስቦ ይዞ ወጣ። "ቢጠፉ ማን ያለቅሳል?" አለ። እውነቱን ለመናገር ማንም አላለቀሰም። ባለቤቱ ሚርላንድ፣ "እኔንም አንድ ቀን 'ይቺ ምን ትሠራለች?' ይለኛል ብዬ ስሠጋ ነው የምኖረው" ትላለች። እሱ ይስቃል። ሲስቅም አሳጥሮ ነው።

ሙያው ኮምፒውተር ነው። በትርፍ ሰዓቱ፣ መድኃኒት የመዋጫ ሰዓት የሚያስታውስ የስልክ ፕሮግራም ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራል። ፕሮግራሙ የማንም አይደለም፤ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። ቃላቱን ወደ ክሬዮል፣ ወደ አገራችን ወደ ሄይቲ ቋንቋ፣ የምመልሰው እኔ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ሥራዬ ቀስ ያለ ነው። አክስቴ ክሌርሲን ግን ከክሬዮል ሌላ አታውቅም፤ የደም ግፊት ክኒኗን የምትውጠው ያ ስልክ ሲነግራት ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የጻፍኩት ቃል እሷ ስልክ ላይ የሚደርሰው ብዙ በር አልፎ ነበር። አንዱ የኮምፒውተር መሣሪያ ፋይሉን ለሌላው ያቀብላል፣ ያኛው ደግሞ ለሌላ። ይህን ሰንሰለት የሠራው ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ፣ ሃሊፋክስ ከተማ የሚኖረው ሚስተር ዳግላስ ነው፤ ሰንሰለቱም የሚሠራው እሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የሰው ስም የሚገባበትን ትንሽ ምልክት አንድ ቦታ ከረሳሁ የሁሉም ቋንቋ ሥራ ቀጥ ይላል። ደጋግሜ አቁሜዋለሁ። ለምን እንደቆመ መሣሪያው የሚነግረኝም በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ገጽ ሙሉ።

አንድ ቅዳሜ በስክሪን ስንሰበሰብ ዳግላስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ክሬዮልን ከሚቀጥለው የፕሮግራሙ እትም ልናወጣው ነው። ሌሎቹን እያስቆመ ተቸገርን።"

እኔ ስብሰባ ላይ አልናገርም። አክስቴ ግን ፊቴ ድቅን አለችብኝ።

ፍሬኖል ወንበሩን ሳብ አደረገ። "ዳግላስ፣ የመጀመሪያው መሣሪያ ምን ይሠራል?"

"ፋይሉን ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጠዋል።"

"ሁለተኛውስ?"

"ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይመልሰዋል።"

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ታዲያ ቢጠፉ ማን ያለቅሳል?"

"እኔ" አለ ዳግላስ። "ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የሠራኋቸው።"

ሊቀ መቀስ መቀሱን ሲያስቀምጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ወንድሜ" አለው፣ "ይሄን ሁሉ ቋንቋ ተሸክመው እዚህ ያደረሱን እነሱ ናቸው። አንተ ካላልክ እጄን አላነሳባቸውም።"

ዳግላስ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። "እሷ ብትኖር ኖሮ ገና ድሮ ትጥልልኝ ነበር" አለ። "በል ቁረጥ።"

ቆረጠ። አንድ በር ብቻ ቀረ፤ ቃሉን ጽፌ አስቀምጥ ካልኩት አለቀ። ብሳሳትም የእኔው መስመር ብቻ ትዘገያለች እንጂ ማንንም አታስቆምም። ክሬዮልም ከእትሙ አልወጣም። አክስቴ ስልኩ ሲናገር "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ክኒኗን ትውጣለች።

ሰውየው መጣል ብቻ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ ግን። ያን ሁሉ ከጣለ በኋላ፣ ለማንም ሳይናገር አንድ ነገር ጨምሯል። ምልክቷን ስረሳ አሁን ስክሪኑ ላይ በክሬዮል እንዲህ የሚል ጽሑፍ ይወጣልኛል፦ "እህቴ፣ የሰውየው ስም የሚገባበትን ረስተሻል። ምንም አይደል፣ ቀስ ብለሽ አስገቢው።"

አሁን እየተሻሻልኩ ነው መሰለኝ፣ ብዙም አልረሳም። አንዳንዴ ግን ምልክቷን እያወቅኩ እተዋታለሁ። ያንን ለማንበብ ብቻ።