ሻይ የሚያፈላው ሐዘንተኛ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ወንበሮቹ ሰው ላይ ተቀምጠዋል።

ጥፋቱ የባለቤቴ የመንበረ ነው። ከመተኛታችን በፊት አንድ የድሮ የኢራን ፊልም አሳየችኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ፊልሙን ሙሉ ሻይ ያፈላል። ደረቱን አይደቃ፣ ሙሾ አያወርድ፤ ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ። በቃ ሻይ! «ይሄ ሐዘን ነው እንዴ? ሰውዬው ሻይ ቤት ሊከፍት ነው» ብዬ ስቄ ተኛሁ። መንበረ እንባዋን እየጠረገች ነበር። እናቴ ፍቼ ከተማ ታማ ተኝታ፣ ቅዳሜ ልጠይቃት እየተሰናዳሁ፣ እኔ ለፊልም የማለቅስበት ምን አንጀት አለኝ?

በሕልሜ ታዲያ ሸራው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሻይ አፍዪው ደግሞ ብርጭቆውን ይዞ ከተመልካቹ መሀል ያየኛል። ፊልሙን የሚያሠራው መነጽር ያደረገ በግ ነው።

«እናትህን አልቅስላት» አለኝ በጉ።

«እናቴ መች ሞተች?»

«እዚህ ለቅሶው ይቀድማል፣ ሞቱ ኋላ ነው የሚደርሰው። ተመልካቹን ካስለቀስክ ግን ይቀራል።»

ይቀራል ሲለኝ ጊዜ ምን ልጠብቅ! ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ሰፈር የሚያውቀውን ሙሾ ሁሉ አወረድኩ። ተመልካቹ አዛጋ። አንዳንዱ ወንበሩን አውርዶ ሊወጣ ተነሣ።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለ ሻይ አፍዪው ለጎረቤቱ። «ሰውየው ግን የለበትም።»

በዚህ መሀል እናቴ ራሷ በእግሯ መጣች። ደህና ነች፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለለቅሶዋ መጥታለች።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። እጇን ያዝኩ፣ ይሞቃል። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ዝምታው እየሰፋ ጣራውን አንሥቶ ወሰደው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቅስ ጀመር። እንባው ከጉንጩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል። በጉ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ።

«ቀርቷል!» አለኝ። «ሞቱ ቀርቷል!»

እናቴን አቅፌ ስስቅ በሩ ተንኳኳ።

ነቃሁ። ገና አልነጋም። ከፍቼ ብወጣ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ አጥናፉ፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ሳይቀር ቆመዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እኔም ስንት ቤት መርዶ ነጋሪ ሆኜ እንዲሁ በጠዋት ሄጃለሁ።

«ግባና ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ አጥናፉ። «እናታችን ዐርፈዋል። እንግዲህ ጠንከር በል።»

መንበረ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሁሉም እኔን ጠበቁ። አንድ ሁለቱ መሬት ላይ እንዳልወድቅ ሊይዙኝ ተጠጉ። እጄ ወደ ደረቴ አልሄድ አለኝ።

«ሻይ ላፍላላችሁ?» አልኩና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።