አንድ ኮት ለብዙ አንገት

ሰው «ሙያህን ከየት ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ትንሽ ይዋሻል። ልብስ ሰፊው «ከአባቴ» ይላል፤ አባቱ መርፌ ጨብጠው የማያውቁ የከብት ነጋዴ ቢሆኑም። ወጥ የምታጣፍጠዋ ሴት «እንዲሁ እጄ ላይ አለ» ትላለች፤ ስንት ድስት እንዳሳረረች ግን አታነሳም። እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማትርቅ ጠባብ ክፍል፣ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ፖስተርና የሟች ፎቶ እሠራለሁ። ከየት ተማርክ ሲሉኝ «ከኢንተርኔት» እላለሁ። መልሱ ዘመናዊ ስለሆነ ማንም አይከራከረኝም። ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር፦ ሙያዬን ያስተማሩኝ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ተበላ ከምትባል የአቅራቢያችን ከተማ የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

ከእሳቸው በፊት መምህር አልነበረኝም ማለቴ አይደለም። ኢንተርኔቱ ላይ ፂሙን በጥንቃቄ የሚከረከም አንድ ፈረንጅ ነበረኝ። ይህ ሰው ሐሳብ ሲነጥፍበት ባሕር ፊት ለፊት ይቆምና ማዕበሉን አይቶ መነሳሻ ያገኛል። እኛ ባሕር ስለሌለን እኔ ዳሞታ ተራራ ላይ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ከታች የሶዶ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ባጃጆቹ ይርመሰመሳሉ፣ ነፋሱ ደስ ይላል። በመጨረሻ የመጣልኝ ሐሳብ ዝናቡ ሳይደርስ መውረድ ብቻ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይኸው ነው።

ስለዚህ እንደ ሙያ ጓደኞቼ ሁሉ የተዘጋጀ ነገር ከኢንተርኔት እያወረድኩ መኖር ጀመርኩ። ለሠርግ ሁለት ነጭ እርግብ። ለምርቃት ጥቁር ቆብ። ለሟች ጽጌረዳና ከደመና የሚወርድ ብርሃን። ከሁሉም በላይ የምመካበት ሀብቴ ግን አንድ ሱፍ ልብስ ነበር፦ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት፣ ደረት ኪሱ ላይ ነጭ መሐረብ። አንገት የለውም። አንገቱን የሚያመጣው ደንበኛው ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ስሙ «ሱፍ አንድ» ይባላል፤ ሱፍ ሁለት የሚባል አልነበረም።

ጥቅሙ ለማይገባችሁ ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው ጎልቶ ይታተምና መጀመሪያ ለቅሶው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ሳሎን ግድግዳ ላይ ወጥቶ ልጅ ልጆቹን ሲጠብቅ ይኖራል። ችግሩ የገጠር አባት ፎቶ የለውም። ያለው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ናት፤ እዚያም ላይ ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀስ» ስላለው ፊቱ የፈራ ነው፣ የሸሚዙ ኮሌታም ተጣሟል። ቤተሰቡም «እባክህ ኮት አልብሰው» ይለኛል። አለብሳለሁ። ከቦዲቲ የመጣ አስተማሪ፣ ከቤሌ የመጣ ጥጥ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጡረተኛ ወታደር፤ ሁሉንም ሱፍ አንድ ውስጥ ከተትኳቸው። የዞናችን ሟቾች ወደ ሰማይ የሚገቡት ዩኒፎርም ለብሰው ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዲዛይነርን የጨመረበት ባይኖርም እኔ ጨምሬያለሁ።

እማማ አማረች የመጡት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ከተበላ በሚኒባስ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው እግራቸውን አራገፉና ገቡ። የተነጋገርነው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ የምታነቡት አማርኛ የእኔ ነው፣ የእሳቸው ንግግር ከዚህ ይጣፍጥ ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የባላቸውን የአቶ ፎላን መታወቂያ አወጡ። ፎቶው ላይ ያረፈው ሐምራዊ ማኅተም የሟቹን አገጭና ግራ ጉንጫቸውን ሸፍኖታል።

«ሙት ዓመቱ ወር ቀርቶታል» አሉኝ። «ድምፁ አለ። ሳሉ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፊቱ ግን እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። በዓይኔ ስፈልገው አላገኘውም። ሳይጠፋ ግድግዳ ላይ አድርግልኝ።»

ሰው ይህን ሲነግራችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ግድግዳ» የምትለዋን ነበር።

«ስንት በስንት ይሁን እማማ?» አልኳቸው።

ባለሙያ ነኝ እኮ። ማኅተሙን ፈቅፍቄ አነሳሁ፤ ከሥሩ የነበረውን አገጭ ስለማላውቀው በቀኙ በኩል ያለውን ገልብጬ ለጠፍኩት። ቆዳቸውን አለሰለስኩ፣ ሽበታቸውን አጠቆርኩ፣ ዓይናቸውን አነጣሁ። ሱፍ አንድን አለበስኳቸው። ከኋላቸው ደመናውን ከፍቼ ብርሃኑን ለቀቅኩት። ስጨርስ ወንበሬን ወደኋላ ገፋ አድርጌ «ፈረንጁ ይህን ባየ!» አልኩ።

በሳምንቱ እማማ ሲመጡ የታተመውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠበቅኳቸው። ቀረብ ብለው አዩ። ራቅ ብለው አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊቱን ሸፈኑትና ልብሱን ብቻ አዩ።

«ከአንገት በታች አቶ ባሳ ነው» አሉ።

«ማናቸው አቶ ባሳ?»

«ጎረቤታችን። እሱ ደግሞ ከሞተ ስድስት ወር አልሞላውም። ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ኮት ፊት ለፊት ስመለከተው ነው የዋልኩት። ቀዩን ከረባት አውቀዋለሁ። ይቺን መሐረብ አውቃታለሁ።»

የአቶ ባሳ ልጆች እኔ ጋ መጥተው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ነገሩ ግን ገና ነበር። ለካስ አቶ ፎላና አቶ ባሳ ድንበር ላይ በበቀለች አንዲት የማንጎ ዛፍ ተጣልተው ዓመታት ተኳርፈዋል። ዕድር ድንኳን ውስጥ እንኳ አንዱ በቀኝ ከተቀመጠ ሌላው በግራ ነው። ሴቶቹ አልተጣሉም፤ ማንጎውንም ባሎቻቸው እርሻ ሲውሉ አብረው ይለቅሙ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ግን እንደተኳረፉ ተራ በተራ ሞቱ።

«ስንት ሽማግሌ ተቀምጦ አንድ ገበታ ላይ ማቅረብ አቅቶት ነበር» አሉ እማማ አማረች። «አንተ አንድ ኮት ውስጥ ከተትካቸው።»

የሳቁ ወይም የተቆጡ መሆናቸውን ለማወቅ አየኋቸው። ሁለቱም አልነበሩም። አሁን ደግሞ ልብሱን ሸፍነው ፊቱን እያዩ ነበር።

«ይሄንን ልጅ አላውቀውም። ሲያገባኝም እንዲህ አያምርም ነበር። ዓይኑ ሥር የነበረው መስመርስ?»

«አጠፋሁት እማማ። እንዲያምር ብዬ።»

«እኔ ነኝ ያበጀሁት። ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ በምን ያህል ጊዜ አጠፋኸው?»

«ደቂቃም አልፈጀ።»

ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «እኔም ዘንድ ጠፍቷል፣ አንተም ዘንድ ጠፋ። እንግዲህ የት አገኘዋለሁ?» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። በሥራዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ስም አሳስቼ ባነር አትሜ ሙሽራ ሊደበድበኝ መጥቶ ያውቃል። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ወንበሬን ጠጋ አደረግኩና እማማን አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የመታወቂያውን ፎቶ እንደገና ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም ከስንት በስንት ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «ከማኅተሙ ሥር ምን አለ?» አልኳቸው።

እማማ በጣታቸው የራሳቸውን አገጭ እየነኩ የባላቸውን ፊት ይነግሩኝ ጀመር። እዚህ ጋ የበሬ ገመድ የቆረጠው ጠባሳ አለ፤ ፀጉር አያበቅልም። ግራ ጉንጩ ከቀኙ ትንሽ ይሞላል፤ ሲስቅ እሱ ነው የሚቀድመው። ዓይኑን በጣም አታንጣው፤ በርበሬ ቦታ ውሎ የሚገባ ሰው ዓይን እንደዚያ አይነጣም። ብርሃኑን ከሰማይ አታምጣው፤ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ብርሃን የሚመጣለት ከጎኑ ነው። እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው «አይደለም» ይላሉ። እንደገና እሠራለሁ። «ቀርቧል» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ከተበላ ተመላለሱ። ፈረንጁ በብዙ ትምህርት ያላስረዳኝን የጥላና የብርሃን ነገር ከእማማ ጎን ተቀምጬ ገባኝ። ለካ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለደብተራ ብቻ አይደለም።

ፊቱ ሲያልቅ እኔም ተለውጬ ነበር፤ አዲስ አማኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከቄሱ ይብሳል። «ኮት አያስፈልጋቸውም እማማ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ገበሬ ነበሩ። እንደነበሩ ይታዩ። ጋቢያቸውን እናልብሳቸው።»

እማማ አማረች በዚያ ሁሉ ምልልስ ያልተቆጡትን ያኔ ተቆጡ።

«ገበሬ ኮት አይወድም ያለህ ማነው?»

አቶ ፎላ ኮት ነበራቸው። ሴት ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ሊለብሱት ተበላ ከሚገኝ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉት ቡናማ ኮት። ልኩን ለማየት አንድ ቀን መስታወት ፊት ለብሰውት ቆሙ፣ ዞር ዞር አሉበት፣ ከዚያ ታመሙ። ምርቃቱ ሲደርስ አልጋ ላይ ነበሩ። ኮቱም ሳጥን ውስጥ ቀረ። እኔ ይህን ሳላውቅ ጋቢ ልደርብባቸው ነበር። ለካ ያ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ኮት ማልበሴ ሳይሆን የሰው ኮት ማልበሴ ነበር።

በማግሥቱ ኮቱን በፌስታል ይዘው መጡ። አሁን የሚለብሰውና ፎቶ የሚነሳበት ትከሻ ያስፈልጋል። እማማ ዙሪያውን አዩ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ትከሻ ያለው ማተሚያ ማሽኑ ብቻ ነበር።

«ተነስ» አሉኝ።

ለበስኩት። ልክ ለእኔ የተሰፋ ይመስል ነበር። ካሜራዬን ጠረጴዛ ላይ አመቻችቼ በራሱ እንዲያነሳ አደረግኩት። «ቀኝ ትከሻህን ጣል አድርግ» አሉኝ፤ «ቀንበር የሚሸከምበት ስለሆነ ዝቅ ይላል።» ጣል አደረግኩ። ቁልፉን ቆለፉልኝ፣ እጅጌውን ሳብ አድርገው አስተካከሉ፣ ትከሻዬ ላይ የሌለ አቧራ በመዳፋቸው አራገፉ። መዳፉ ቶሎ አልተነሳም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ካሜራው ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አለ፤ እማማ ግን የሰሙት አይመስለኝም።

የታተመው ሲደርስ እማማ አማረች ደጃፌ ላይ እንዳሉ አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለረጅም ጊዜ ሲጠብቁት ለቆየ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቶው፣ «ቆየህ እኮ» አሉት። ከዚያ አለቀሱ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አለቀስኩ።

ሙት ዓመቱ ላይ ተበላ ሄጄ ነበር። ፎቶው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ የገባው ሁሉ ይቆምለታል። አንድ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት ፊት ለፊቱ ቆመው፣ «ፊቱስ ፊቱ ነው፤ ይህ ትከሻ! ይህን ትከሻ የትም አልስተውም!» ብለው ተንሰቀሰቁ። እማማ በሰው መሀል ፈልገው አዩኝ። እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥኩና ቀኝ ትከሻዬን እንደምንም ሰበሰብኩ።

ሱፍ አንድን ያን ሰሞን አጠፋሁት። አጠፋፉ ደቂቃ አልፈጀም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ሳምንት ሳይሞላው ግን የአቶ ባሳ የበኩር ልጅ ወንድሙን አስከትሎ በሩን አንኳኳ። ሙት ዓመቱ ላይ የአቶ ፎላን ፎቶ አይቷል። «የእኛም አባት በራሳቸው ኮት ይሁኑልን» አለና ግራጫ ኮት ዘረጋ። ልጁ ወፍራም ነው፤ ቁልፉ አልደርስ አለው። ወንድሙ ለበሰው፤ እጅጌው ጣቱን ዋጠው። ሁለቱም በአንድነት ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? ለበስኩት። ለአቶ ባሳ ቀጥ ብዬ፣ ሁለቱንም ትከሻ ቀና አድርጌ ቆምኩ፤ ያደረግኩት ልዩነት ይኸው ብቻ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ኩርፈኞች በማንጎዋ ግራና ቀኝ፣ በየሳሎናቸው፣ በእኔ ደረት ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ብቻ እማማ አማረች ሰሞኑን ለጉዳይ ሶዶ መጥተው ሊጠይቁኝ ጎራ አሉ። ውኃ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወራን።

«የአቶ ባሳን አዲሱን ፎቶ አየሁት» አሉ በመሀል።

ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተከልኩ።

«እኔ ትከሻ አውቃለሁ» አሉ።

«ሌላ ሰው አጣሁ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቆየት ብለው አዩኝ።

«ግድ የለም» አሉ። «አንተ ከሁለቱም ጋር አልተጣላህም።»